የሐሞት መንገድ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለካሳሁን፣

እንደምን ሰንብታችኋል? «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲያ ግን ደህንነቴ የት እንደገባ አላውቅም። ደረጄ ሚኒባሱን ሳያቆም ነው በመስኮት ያቀበለኝ። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ይኸው እንደ ድሮ ሰው በወረቀት መጠያየቅ ጀመርን።

«የእምዬ ዓይን እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል» ትልና ወረድ ብለህ ደግሞ «ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም» ትለኛለህ። አንተ ልጅ፣ ከዚህ በላይ ምን እስኪመጣ ነው የምትጠብቀው? ስለ ገብሱ ግማሽ ገጽ፣ ስለ እናትህ ሁለት መስመር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «እህቴ ሐኪም ናት» እያልክ ማውራትህን ተው። ከቤሩት ስመለስ ያገኘሁት ሥራ ተማሪዎች የሰው አካል የሚማሩበትን ክፍል መጠበቅ ነው። ጠረጴዛ አጥባለሁ፣ ብልቃጥ እወለውላለሁ፣ ተማሪ ሲወጣ የጎደለ ዕቃ መኖሩን አያለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ከጉበትና ከልብ መካከል ስውል ግን ጆሮዬ አልተደፈነም። የሚያስተምሩት ዶክተር ለተሥላሴ ይባላሉ፤ ልጅ እግር ስለሆነች እኔ «አንቺ» ነው የምላት። ጉዳዩን ነገርኳትና አራት ነገር ጠይቂ አለችኝ።

ሰውነቷን ያሳክካታል ወይ? ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ይላታል ወይ? የሽንቷ መልክ ምን ይመስላል? የሰገራዋስ? ይህ የመጨረሻው ዋናው ነው፤ ቀለሙን ለይተህ ጻፍልኝ። እንደምታፍር አውቃለሁ። ዝናሽ ለወሊድ እናቷ ቤት ባትሄድ ኖሮ ሚስትህን እጠይቃት ነበር፤ አሁን ግን ያለኸኝ አንተ ነህ። አፈርክም አላፈርክም መልሱን እፈልገዋለሁ።

እህትህ ጥሩወርቅ


ከአገር ቤት፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለጥሩወርቅ፣

እታለም፣ ከሰማይ ጠል ከምድር ቡቃያ የሚሰጠው አምላክ አንቺንም በሰው አገር ይጠብቅልኝ። እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር ብዙም አልጎደለብን። ዝናሽ ወንድ ልጅ መገላገሏን ሰምተሻል፤ ክርስትና ሳይነሳ አትመጣም። የጽሕፈቴን መበላሸት ይቅር በይኝ፤ አጨዳ ላይ ስለሆንኩ እጄ ተልጧል። ዘግይቼ ስለመለስኩም ይቅር በይኝ። ደረጄ ሁለት ጊዜ አልፎኝ ሄደ፤ አንዴ እሱ ቸኩሎ፣ አንዴ እኔ ጽፌ ሳልጨርስ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፤ ያሳክካታል። ስትፍቅ ውላ ክንዷ ቆስሏል። ትኩሳት የላትም። ሽንቷ እንደ ጠላ መጥቆሩን ራሷ ነግራኛለች። ሰገራዋ እንደ ወትሮው ነው።

አያ ባዩ ገና ሲያዩዋት የወፍ በሽታ ነው አሉ። እህታቸው አይደለች? እሳቸውም እንደኛ ነው የጨነቃቸው። መድኃኒት አዋቂ አምጥተው ክንዷን አስተኮሱላት፣ ሥር ተጨቅጭቆ በወተት ጠጣች። ወደ ከተማ እንውሰዳት ብላቸው ግን «ወፍ የያዘው ሰው መርፌ ካረፈበት አይተርፍም» አሉኝ። እኔም ልከራከር አልቻልኩም። ዋልልኝን ታስታውሺው የለ? ባለፈው ዓመት እንደሷ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ከተማ ወስደው ወጉት፤ የተወጋበት ደም አልቆም ብሎ በሳምንቱ ቀበርነው። ሬሳውን ያጠቡት አያ ባዩ ናቸው።

እምዬ «ለጥሩ አትጻፍባት፣ ብቻዋን ናት፣ ትደነግጣለች» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

ወንድምሽ ካሳሁን


ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካሳሁን ወንድሜ፣ አፈር ስሆን፣ እንኳን ለአባትነት አበቃህ! የደብዳቤዬን መልስ ሳነብ አንዱ የተማሪ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ሰገራዋ እንደ ወትሮው ነው የምትለዋን መስመር ደጋግሜ አየኋት። ለዶክተር ለተሥላሴም አነበብኩላት። «ቀለሙን ካልለቀቀ የሐሞቱ መንገድ ክፍት ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በጉበት ቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በዕረፍት ይለቃል» አለችኝ። ሌላም ሌላም አለች። ስለዚህ እምዬ ትረፍ፣ ከባድ አትሥራ፣ ያን ሥር የተባለውን መራራ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዳትጠጣ። መንገዱንም ታውቀዋለህ፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ተዘግቶ ሰው ሜዳ ላይ አደረ። ጾሙ እስኪገባ እንያት።

ለምን ሰገራ ሰገራ እንዳልኩህ ልንገርህ፤ አለዚያ እህቴ ቤሩት ሄዳ ነውር የማታውቅ ሆና መጣች ትላለህ። እዚህ ክፍላችን ውስጥ ሥጋው የሌለ፣ ቧንቧዎቹ ብቻ የቀሩ የፕላስቲክ ጉበት አለ። ሲያዩት የደረቀ ቁጥቋጦ ነው። ቀይ የተቀባው ከልብ የሚመጣው ደም ነው። ሰማያዊው ከአንጀት የሚመጣው ነው፤ የበላነውን ተሸክሞ በቀጥታ ጉበት ደጅ ይደርሳል። አረንጓዴው የሐሞቱ መንገድ ነው። ሁለቱ ደሞች ይገባሉ፣ ሐሞቱ ይወጣል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሦስቱ አብረው መጓዛቸው ነው፤ እንደ ፀጉር እስኪቀጥኑ ድረስ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱን ስታገኝ ሁለቱን ታገኛቸዋለህ።

ደሙ ሥራውን ሲጨርስ በጀርባ በኩል ባሉ ሌሎች ሥሮች ወደ ልብ ይመለሳል። ሐሞቱ ግን መውጫው አንድ ነው። ከቀኝና ከግራ ጉበት የሚመጡት ሁለት ቦዮች ይገናኛሉ፣ ከሐሞት ከረጢቱ የሚመጣው ይቀላቀላቸዋል፣ ከዚያ አንድ ሆነው ቆሽትን ታከው አንጀት ውስጥ ይገባሉ። ሰገራን ቀለም የሚሰጠው ይህ ሐሞት ነው። መውጫው ከተደፈነ ሰገራው ነጭ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ዕረፍትም ጸበልም ብቻውን አይበቃም፣ የሚከፍተው ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የጠየቅኩህ።

ሥዕሉን ሠርቼ ልኬልሃለሁ። አረንጓዴ እስክሪብቶ ስላጣሁ ሐሞቱን በእርሳስ ነው የሣልኩት። እምዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ጥሩወርቅ


ከአገር ቤት፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ «እምዬ እንዴት ናት» ብለሽ ልከሽ ዝም ያልኩሽ ወረቀት አጥቼ አይደለም። ዋሽቼሻለሁ።

ሰገራዋን አልጠየቅኳትም። አንድ ወንድ ልጅ እናቱን ይህን ብሎ እንዴት ይጠይቃል? አባባ ከሞተ ወዲህ ነጠላዋን ሳታጣፋ ፊቴ ቀርባ እንኳን አታውቅም። የመጀመሪያ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ልጠይቃት ገባሁና ስለ ውርጩ አውርተን ወጣሁ። አንቺ መልስ ትጠብቂያለሽ፣ ደረጄ ጥሩንባውን ይነፋል፤ «እንደ ወትሮው ነው» ብዬ ጻፍኩት። ምን ይጎዳል ብዬ ነበር። ሁለተኛው ደብዳቤሽ ከነሥዕሉ ሲመጣ ግን ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። አሁንም ልጠይቃት ገባሁ። አሁንም ስለ ላሟ አውርተን ወጣሁ። ሥዕልሽ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ዝናሽ ልጁን ክርስትና አስነስታ ከትናንት በስቲያ መጣች። እምዬን ደግፋ ጓሮ ወሰደቻትና ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ ነበር። «ነጭ ነው፣ እንደ ኖራ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። ምን አውቃለሁ? እምዬ ለካ ሰው እንዳያይባት አመድ እየነሰነሰች ስትሸፍነው ነው የከረመችው።

ከሦስት ቀን ወዲህ ደግሞ ብርድ ብርድ እያለ ያንቀጠቅጣታል። ከላይዋ ሁለት ጋቢ ደርበንላት አይሞቃትም። አያ ባዩ «ለመርፌ ከሆነ ከዚህ ቤት አትወጣም» ብለው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። አጎት ናቸው፤ ገፍቼ አላልፋቸው ነገር። ምን ላድርግ?

ካሳሁን


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካሳሁን፣

ዛሬ ሰላም አልልህም። ደብዳቤህን አንብቤ የጠረጴዛ መወልወያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ተማሪዎቹ ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ወንድሜ አፈረ አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም።

የምሰድብህን ስድብ ሌላ ቀን እሰድብሃለሁ። ዶክተር ለተሥላሴ እምዬን ብርድ ብርድ እንዳላት ስትሰማ ብድግ አለች። መውጫው ተደፍኖ የቆመው ሐሞት መግል ይዟል፣ መግሉ ወደ ደም እየገባ ነው፣ የቀናት ጉዳይ ነው አለችኝ። ቦይህ ሲደፈን ውሃው ተመልሶ ማሳህን ያጥለቀልቀው የለ? ዓይኗ ላይ የምታየው ቢጫ መውጫ ያጣ ሐሞት ነው። ወፍ አይደለም። ከፍተው የደፈነውን ነገር ያወጡታል፤ ከባድ ነው፣ ግን የሚያደርጉት ሥራ ነው።

አያ ባዩን በክርክር አታሸንፋቸውም። በዓይናቸው ያዩትን የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ በዓይናቸው አሳያቸው። በግ እረድ። ጉበቱን ከአንጀቱ ሳትለይ አንድ ላይ አውጣው፤ አባባ እንደሚያደርገው ሐሞቱን ቆርጠህ እንዳትጥል። ከሐሞት ከረጢቱ ተነስቶ ወደ አንጀት የሚወርደውን ቀጭን ቦይ በሥዕሉ እያየህ ፈልገው። አንጀቱን እዚያ ቦታ ላይ ሰንጥቅና ከረጢቱን ይጫኑት። ከዚያ ቦዩን በፈትል እሰርና እንደገና ይጫኑት።

ጾም መሆኑን አውቃለሁ። እረደው።

ጥሩወርቅ


ከአገር ቤት፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ የሚያቀብሉሽ አያ ባዩ ራሳቸው ናቸው። እምዬም አብራቸው አለች። በደንብ ተቀበያቸው፤ ደብረ ታቦርን ካዩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

በጾመ ነቢያት መካከል በግ አረድኩ። መንደሩ ካሳሁን አበደ እያለ ነው፤ የነፍስ አባቴም ምን ንስሐ እንደሚሰጡኝ አላውቅም። አያ ባዩ ቢላዬን ሲያዩ ከደጃፉ ተነስተው «ምን ልትሆን ነው?» አሉኝ። ሥዕሉን አሳየኋቸው። በግራ ሊያዩት ሞከሩ፣ በቀኝ ሊያዩት ሞከሩ፣ መለሱልኝ። ጉበቱንና አንጀቱን አንድ ላይ አውጥቼ ቅጠል ላይ ስዘረጋው ግን ቁጢጥ ብለው ቀረቡ። በዕድሜያቸው ሐሞት ሳይፈስ ቆርጠው ሲጥሉ የኖሩ ሰው፣ ወዴት እንደሚሄድ አንድም ቀን እንዳልተከተሉት ነገሩኝ። እኔም አልተከተልኩትም ነበር።

ከረጢቱን የተጫኑት እሳቸው ናቸው። አረንጓዴው አንጀቱ ውስጥ ዘለል ብሎ ወጣ። ከዝናሽ እንዝርት ላይ ፈትል ቆርጬ ቦዩን አሰርኩት። ደግመው ተጫኑ። ከረጢቱ ተወጠረ እንጂ ጠብ አላለም። ጠንክረው ተጫኑ፤ አልወጣም። ሦስተኛ አልሞከሩም። እጃቸውን ሳይታጠቡ፦

«ይህን ፈትል የሚፈታ ሰው እዚያ አለ?» አሉኝ።

«አለ» አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔ እወስዳታለሁ።»

እኔ ያልመጣሁት ፈልጌ አይደለም። በዚህ ሰሞን መንገድ ላይ ታጣቂዎች ጎልማሳ ወንድ ከመኪና ያስወርዳሉ፤ ደረጄ «አንተን ከጫንኩ ለእናትህም አልደርስላትም» አለኝ። እስከ መኪናው ድረስ በቃሬዛ ተሸክመን አመጣናት። ስንለያይ «በጉን በከንቱ አረድከው» አለችኝ። ሥጋውን ቋንጣ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ፣ ለገና ትመለሺና ትበይዋለሽ አልኳት። ፈገግ አለች፤ ጥርሷ ከፊቷ ይልቅ ነጭ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመጀመሪያ መልሴን ስታነቢላት ዶክተሯ የተናገረችውን ስትጽፊልኝ «ሌላም ሌላም አለች» ብለሽ አልፈሽዋል። ያን ሌላውን ንገሪኝ።

ካሳሁን


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ካሳሁን፣

ይህ ወረቀት እጅህ የሚገባው አያ ባዩ ከሽማግሌዎቹ ጋር በማለዳ መጥተው ከነገሩህ በኋላ ነው። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ሳይነግሩህ እንዳይሰጡህ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። ስለዚህ እኔ የምጽፍልህ አንተ አሁን የምታውቀውን ነው።

በደረሱበት ቀን ነው አልጋ ያገኘችው። ነርሷ መርፌ ስትይዝ አያ ባዩ ፊታቸውን ያዞራሉ ብዬ ነበር፤ የእምዬን ክንድ የያዙላት እሳቸው ናቸው። ነርሷ ጥጡን ስታነሳ ደሙ ወረደ። ቀየረችው፣ ራሰ። ደግማ ቀየረችው፣ ራሰ። አያ ባዩን አየኋቸው። «አላልኳችሁም?» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አወለቁና አጥፈው ከክንዷ ሥር አደረጉት።

በኋላ ዶክተር ለተሥላሴን ጠየቅኳት። ሐሞት አንጀት ሳይደርስ ሲሰነብት፣ ሰውነት ከምግብ ውስጥ ደም የሚያረጋውን ነገር መውሰድ አይችልም፤ ደሙ መርጋት ያቅተዋል አለችኝ። ለካ አያ ባዩ የዋልልኝን ደም በዓይናቸው አይተው ነው የሚናገሩት። ያዩት እውነት ነበር። መርፌው ሳይሆን መዘግየቱ መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። አራት ዓመት ያን አረንጓዴ ቧንቧ ስወለውል እኔም አላወቅኩትም።

ደሟ እንዲረጋ መድኃኒት እየሰጡ ሁለት ቀን ጠበቁ። በሦስተኛው ከፈቷት። መውጫው ላይ የተቀመጠ ጠጠር አወጡ። አሳዩኝ፤ የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። አንዲት ሽምብራ፣ ካሳሁን። ደሟ ግን ቀድሞ ተመርዞ ነበር፤ ታኅሣሥ 14 አረፈች። በዚያው ቀን መንገዱ ተዘጋ፣ አስከሬን የሚጭን መኪና አጣን። እዚሁ በባዕድ ቅጥር፣ እኔና አያ ባዩ፣ የቤት አከራዬና አራት ተማሪዎች ሆነን ቀበርናት። የአባባ ጎን ባዶውን ቀረ።

ከመከፈቷ በፊት ስለ አንተ ነግሬያታለሁ። ሰገራሽን ሳይጠይቅሽ ጠየቅኩ ብሎ ጻፈልኝ፣ በዚህ የተነሳ እህል አይበላም አልኳት። «አትቆጪው። ቢጠይቀኝም አልነግረውም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ይሁን ላንተ ብላ አላውቅም። እንደ ቃሏ ተቀበላት።

አሁን የጠየቅከኝን ልመልስ። ዶክተር ለተሥላሴ በዚያ ቀን ያለችው ይህ ነው፤ «ያም ሆነ ይህ ሳላያት አልፈርድም፤ በዚህ ሳምንት ይዘዋት ይምጡ።» ይህን ቆርጬ አስቀረሁት። መንገዱን ፈራሁ። መንገድ ላይ ብትሞትብኝ ጥሩወርቅ አስጠርታ ገደለቻት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም «እንደ ወትሮው ነው» የምትለዋ መስመርህ ደስ ስላለችኝ ማንም እንዲያበላሽብኝ አልፈለግኩም። አንተን ስለ ውሸትህ ስወቅስህ እኔ ይህን በሆዴ ይዤ ነበር።

አንተን እምዬ ምራሃለች። ለእኔ ግን ምንም አላለችኝም፣ አልነገርኳትማ። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አፌ አልከፈት አለኝ። አሁን ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ካንተ በቀር የለኝም። ይቅር በለኝ፣ ካሳሁን። አንዲት መስመር ጻፍልኝ፤ ትበቃኛለች።

ጥሩወርቅ


ከአገር ቤት፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

አያ ባዩ ጎህ ሲቀድ መጡ። ጋቢያቸውን ሳይለብሱ ሳያቸው ሳይናገሩኝ ገባኝ። ወረቀትሽን ሰጡኝና እስካነብ ከጎኔ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ሰው የወፍ በሽታ ብሎ ሊያማክራቸው ሲመጣ በእጃቸው ወደ ከተማው ይጠቁሙታል።

ትናንት ገና ነበር። ዝናሽ ቋንጣውን ከሰቀልኩበት አውርዳ ሠራችው። አንድ ጉርሻ ብቻ ቀመስኩ። የቀረውን ለቤተ ክርስቲያን ነዳያን አወጣነው።

አንዲት መስመር ትበቃኛለች ብለሻል። «ሰገራዋ እንደ ወትሮው ነው»ም አንዲት መስመር ነበረች፣ እታለም። ከዚያ ወዲህ እኔ በወረቀት የምጽፈውን ነገር እኔው ራሴ አላምነውም። ስለዚህ ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልጽፍልሽም። ብጽፈውም እንዳታምኚው፤ አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ልጽፈው እችላለሁ፣ እንዲህ ያለውን ነገር እንደማደርግ አሁን ሁለታችንም አውቀናል።

አርባዋ ጥር 23 ነው። መንገዱ ከተከፈተ ነይ። ሚኒባሱ የሚቆምበት ድረስ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ። ይቅር ብዬሽ እንደሆነ ፊቴን አይተሽ ታውቂዋለሽ። እኔም የማውቀው ያን ጊዜ ነው።

ካሳሁን